አሥራ አንደኛዋ ልጅ

ሽማግሌው የሞተው ስልኩ ጋ ለመድረስ ሁለት ክንድ ሲቀረው ነው።

ኖቬምበር 2006፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሴንት ፖል ውስጥ ከኮሞ ሐይቅ ብዙም የማይርቅ አሮጌ የእንጨት ቤት ነበር። ዊልቸሩ በጎኑ ወድቋል። የብረት ማሞቂያው ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። ከማሞቂያው ጀምሮ ምንጣፉ ላይ ሁለት ሜትር ያህል የተጎተተ መስመር አለ። ሰውየው እዚያ የደረሰው ራሱን በአንድ እጁ እየጎተተ ነው፤ ግራ ጎኑን ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ ወስዶበታል። ስልኩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ገመዱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። አሥራ ስድስት ዓመት ፖሊስ ሆኜ ብዙ አስከሬን አይቻለሁ፣ አይቼም ምሳዬን በልቻለሁ። ያን ቀን ግን ምሳ አልበላሁም።

ጎንፋ እባላለሁ፤ የግድያ መርማሪ ነኝ። አብራኝ የምትሠራው ካረን ላርሰን እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች፣ ቁጣዋንም ሐዘኗንም በአንድ «ኦኬ» የምትዘጋ ሴት ናት።

«ዳንከን ማክሬ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመት፣ ጡረታ የወጣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ» አለች ከማስታወሻዋ እያነበበች። «ሚስቱ ሞታለች። ኬኔት የሚባል አንድ ልጅ አለው፣ ዉድበሪ ነው የሚኖረው። በሩ አልተሰበረም። ያገኘችው ተንከባካቢው ናት። ጠዋት አሥር ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ 911 ደውላለች።»

ሰዓት የምቆጥረው እንደ አሜሪካኖቹ ነው፤ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ።

ተንከባካቢዋ ኩሽና ውስጥ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ደረቴ ላይ ያለውን ስም አንብባ ብድግ አለች።

«ጎንፋ… ጋሼ፣ ከወለጋ ነዎት?»

«ከነቀምት። ቁጭ በይ እህቴ። ስምሽ?»

«ሩሐማ።»

«ትናንት ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«አራት ሰዓት። በዚሁ ስልክ ደውዬ ክሎክ አውት አድርጌ፣ የመውጫ ሰዓቴን አስመዝግቤ ነው የወጣሁት። ከክላየንቱ ቤት ስልክ ካልተደወለ ኤጀንሲው ሰዓቱን አይቆጥርልንም።»

«ስትወጪ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር። መጽሐፉን እየሠራ ነበር፣ ዴስኩ ጋ።»

«ከዚያስ?»

«ቸርች ሄድኩ። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ጸሎት አለን።» የኮቷን ቁልፍ ታሽከረክራለች። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አርብን ይነካብኛል እንዴ?»

«አርብ ምን አለ?»

«የሲቲዝንሺፕ መሐላዬ ነው። ከሰዓት አንድ ሰዓት ላይ። አምስት ዓመት ጠብቄዋለሁ።»

«አንቺ ምስክር ነሽ። ምስክርን ምንም አይነካውም» አልኳት። ተስፋ በነጻ የሚሰጥ ነገር ስለሆነ እጃችን አያጥርም።

አስከሬኑ ያለበት ክፍል የሽማግሌው የሥራ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር የዘር ሐረግ ነው። በካርድ የተጻፉ ስሞች በክር ተያይዘዋል። ከላይ «አንገስ እና ሜሪ ማክሬ፣ 1852» ይላል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተተየቡ ወረቀቶች ተደርድረዋል፤ ስትሮኩ ምላሱንም ስለያዘበት ሽማግሌው የሚናገረውን ሁሉ በአንድ ጣቱ ይተይብ ነበር። ቆሜ አነበብኩ። አንገስና ሜሪ የስኮትላንድ ተራራማ አገር ጭሰኞች ነበሩ። ባለ ርስቱ መሬቱን ለበግ ማሰማሪያ ፈለገውና ጣራቸውን አቃጥሎ አስወጣቸው። ሦስት ወር መርከብ ላይ ሆነው አውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ በሚባለው ቅኝ ግዛት ወረዱ፤ አንድ ልጃቸውን ባሕር ላይ ቀብረዋል። ወንዝ ዳር መሬት ያዙ። በግ አረቡ። ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጃቸው ልጅ ዳንከን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሜልቦርን ያወቃትን የሴንት ፖል ነርስ ተከትሎ እዚህ መጣ።

እኔን አባቴ ሰባት ትውልድ ያለ ወረቀት ያስቆጥረኝ ነበር። አሁን አራተኛው ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ግድግዳውን ያየሁት በቅናት ነው። ከአንገስና ከሜሪ ሥር አሥር ልጆች ተሰቅለዋል። ከአሥረኛው ቀጥሎ አንድ ክር ወርዷል፤ ጫፉ ላይ መርፌ ቁልፍ እንጂ ካርድ የለም።

«ጎንፋ፣ ይሄን እይ» አለች ላርሰን ወንበር ላይ ቆማ።

ከረጅሙ የመጽሐፍ መደርደሪያ አናት ላይ፣ በታጠበ ነጭ ፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ አወረደች። ቆዳው የተላላጠ፣ የናስ መቆለፊያ ያለው የቤተሰብ መጽሐፍ ነው። ስኮቶቹ የተወለደውንና የሞተውን ፊት ለፊቱ ባሉት ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉ ነበር። መቆለፊያው ተጣሟል። የእንጨቱ ወለል ላይ፣ ማሞቂያው አጠገብ፣ ልክ የሱን ማዕዘን የሚያህል አዲስ ጭረት አለ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ በዊልቸር በሚደረስበት ቁመት፣ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ አለ።

«ቦታው እታች ነው» አለች። «ወድቋል። ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው እላይ ደብቆታል። ሽማግሌው ደግሞ እዚያ አይደርስም።»

ከፈትኩት። የመጀመሪያው ገጽ የለም። ስፌቱ ሥር በማስመሪያ ቀጥ ብሎ፣ በምላጭ ነው የተቆረጠው። የተናደደ ሰው ወረቀት ይቦጭቃል እንጂ ማስመሪያ አይፈልግም።

ዴስኩ ላይ ምላጩና ማስመሪያው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንድ ትልቅ ፖስታ አለ። አውስትራሊያ፣ ኢዲት ለምትባል ሴት አድራሻ ተጽፎበታል፣ ቴምብሩም ተለጥፏል። ውስጡን አየሁት፤ ባዶ ነው።

ጎረቤቷ ሚስስ ኦልሰን መጋረጃ ስትገልጥ የምትውል መበለት ናት፤ እግዜር ለመርማሪ የፈጠራት።

«እሁድ አባትና ልጅ ተጣሉ» አለችን። «ማለቴ ልጁ ጮኸ፤ አባትየውማ መቼ መናገር ይችላል። ትናንት ደግሞ አምስት ሰዓት ላይ የኬኔት መኪና እዚህ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ሞተሩ አልጠፋም። ዕቃ ሳጥብ ቆየሁና ሳይ የለም።»

ኬኔት ማክሬ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው። ቢሮው ኤደን ፕሬሪ ነው። ያገኘነው ግን ዉድበሪ ቤቱ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ቀይና አረንጓዴ መስመር ያለው የጎሣቸው ጨርቅ በመስታወት ተሰቅሏል።

«ትናንት እስከ ስድስት ሰዓት ቢሮ ነበርኩ» አለ።

«እሁድ በምን ተጣላችሁ?» አለችው ላርሰን።

ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «በሐምሌ የቤተሰብ ስብሰባ አለን። ስልሳ ሰው ይመጣል፤ ከስኮትላንድ፣ ከአውስትራሊያ። አባቴ የሚሠራው መጽሐፍ ለዚያ ነበር። ተባረው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ከባዶ ተነሥተው። ልጆቼ እንዲኮሩበት። እሱ ግን አሥራ አንደኛዋን ይዞ መጣ።»

«አሥራ አንደኛዋ ማን ናት?»

«ጄኒ። የአገሬው ተወላጆች ጥቂት በጎች ወግተው ገደሉ። አንገስና ጎረቤቶቹ በፈረስ ወደ ወንዙ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ወንዙ ዳር ሰው አልነበረም። አንዲት አራት ዓመት የሚሆናት ሕፃን ብቻ ተረፈች። ሜሪ ወስዳ አሳደገቻት፤ በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ከአሥሩ ልጆቿ ቀጥላ ‹ጄኒ ማክሬ› ብላ ጻፈቻት። አንገስ ደግሞ በላይዋ መስመር አሰመረ። ስሟ ግን ይነበባል።» ፊቱን በእጁ አሸ። «መቶ ሃምሳ ዓመት ሞላው። ለማን ይጠቅማል? ‹አጥፋው› አልኩት። አዎ፣ ጮኼበታለሁ።»

በበግ ሰበብ ከቤቱ የተባረረ ሰው፣ በበግ ሰበብ ሌላውን ከምድር አጠፋ። ይሄን ሳስብ በስኮቶቹ ለመፍረድ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። የእኛም ቤት ሲቆጠር የሚዘለል አለ።

ወደ ማታ የሐኪሙ ሪፖርት መጣ። የወደቀው ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ባለው ጊዜ ነው። ከወደቀ በኋላ ሁለት ሰዓት፣ ምናልባትም ሦስት፣ በሕይወት ነበር። «አንድ ሰው 911 ደውሎ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር» ብሎ ጽፏል።

የኬኔት ቢሮ ካሜራ በአራት ሰዓት ሲወጣ አሳየን። ዋሽቷል። ረቡዕ ማታ ላርሰን በካቴና አስገባችው። እስከ አርብ ቀትር ወይ ክስ ይመሠረትበታል ወይ ይለቀቃል።

ሐሙስ ጠዋት ሩሐማን ቃሏን ለማስፈረም ሮዝቪል አፓርታማዋ ሄድኩ። የቸርቿን ሰዎች ቀድሜ አነጋግሬ ነበር። ማክሰኞ ከስድስት ሰዓት በፊት ደርሳለች። «ስታለቅስ ነበር፣ ስለ መሐላዋ በደስታ ነው መሰለን፣ እጅ ጭነን ጸለይንላት» አሉኝ። አሊባይዋ፣ ሌላ ቦታ የመሆኗ ማስረጃ፣ ንጹሕ ይመስላል፤ የአራት ሰዓት የስልክ መዝገብ፣ የስድስት ሰዓት ጸሎት።

ቤቷ አንድ ክፍል ነው። ሶፋው ላይ ዛሬ የተተኮሰ ሰማያዊ ቀሚስ ተዘርግቷል። ግድግዳው ላይ አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ፎቶ አለ፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳለች።

«ማናት?»

«የእህቴ ልጅ ናት። ፈነት። አዳማ እናቴ ጋ ነው ያለችው።»

ወዲያው ስልኳ አንዴ ጮኸና ተቋረጠ።

«ሚስድ ኮል አደረገች» አለችና ፈገግ አለች። «ካልደወልኩላት አትተወኝም። አንድ ደቂቃ ጋሼ።» የውጭ አገር መደወያ ካርዱን ረጅም ቁጥር ሳታይ መታችው። ስልኩ ድምፁ ይወጣል፤ «ሄሎ አክስቴ!» የሚል ቀጭን ድምፅ እኔም ሰማሁ። «ነገ ነው አይደል አክስቴ? ነገ ጨረስሽ አይደል?»

«ነገ ነው የኔ ቆንጆ። በይ ሰው አለ፣ በኋላ።»

«ልታመጫት ነው?» አልኳት ስትዘጋው።

«ሲቲዝን ከሆንኩ አመጣታለሁ። ለሷ ብዬ ነው ሁሉንም።»

ፊቷን አየሁት። በዚህ አገር ሕግ ዜጋ የእህቱን ልጅ አያመጣም። ይሄን የማያውቅ አበሻ ሚኒሶታ ውስጥ የለም። የፎቶዋን ልጅ አገጭ አየሁ፣ የሩሐማን አገጭ አየሁ። ዲቪ ስትሞላ የደበቀቻት ልጅ ትሆናለች ብዬ አሰብኩና ዝም አልኩ። የኔ ሥራ አይደለም፤ ጉድ የሌለው ፎርም የት አለ።

ማስታወሻ ደብተሬን አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ብዕር ፈለግኩ።

«ማክሰኞ ስትወጪ ትልቁ መጽሐፍ ቅዱስ የት ነበር?»

«እታች መደርደሪያው ላይ ጋሼ። እንደ ሁልጊዜው» አለች። እያለችም ጎንበስ ብላ ደብተሬን አነሣችና ሶፋው ላይ አደረገችው። ያስቀመጥኩት ለካ የሷ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነው። መጽሐፉን በመዳፏ ጠረግ አደረገችው፣ በነጭ ጨርቁ ሸፈነችው፣ ተንጠራርታም ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጠችው። ሌላ ነገር እዚያ የለም። ይሄን ሁሉ ስታደርግ ስለ ክሎክ አውቱ እያወራችኝ ነበር፤ እጇ ምን እንደሠራ አላወቀችም።

እናቴ እንደዚያ ነበረች። ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ መጽሐፉን ከመሬት ታነሣለች። ዕቃ አይጫንበትም፣ እግር አይሻገረውም፣ ከፍ ያለው ቦታ የሱ ነው። ኬኔት ማክሬ ቢደብቀው ከሶፋ ኋላ ይወረውረው ነበር። ላርሰን የተደበቀ ያለችው መጽሐፍ የተደበቀ አይደለም። የተከበረ ነው። የወደቀውን አንሥቶ፣ ጠርጎ፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ሰው፣ ሽማግሌው ከወደቀ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሞ ነበር።

ፈረመች። እጇን ጨብጬ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሣ ብዙ ተቀመጥኩ።

ቢሮ ስመለስ ኬኔት አዲስ ቃል ሰጥቶ ነበር።

«አምስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነበርኩ» ይላል። «ይቅርታ ልጠይቀው ነው የሄድኩት። መኪናዬ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ‹እሱ ይደውልልኝ› አልኩና ተመለስኩ። አልገባሁም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልገባሁም።»

«የማይረባ ውሸት ነው» አለች ላርሰን።

እኔ ግን አመንኩት። ሰው እንደዚያ ራሱን የሚያሳርር ውሸት አይፈጥርም። አባቱ በዚያች ሃያ ደቂቃ ከግድግዳው ወዲያ ምንጣፍ ላይ እየተጎተተ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፖስታው ላይ ያለውን ስም ፈልጌ አውስትራሊያ ደወልኩ። ኢዲት አሮጊት ናት። ማን እንደሆንኩና ዳንከን እንደሞተ ስነግራት አለቀሰች። የጄኒ የልጅ ልጅ ልጅ ናት።

«ዳንከን ገጹን ሊልክልን ነበር» አለችኝ። «ቅጂ ይበቃናል ብዬው ነበር። ‹ቅጂ አይበቃም፤ ስሟ ወደ ሰዎቿ ይሂድ› ብሎ ጻፈልኝ። ሜሪ በእጇ የጻፈችው ራሱ እንዲደርሰን ነው የፈለገው። በዚህ ሳምንት እቆርጠዋለሁ ብሎ ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁና ጭንቅላቴን ያዝኩ። ለላርሰን አልነገርኳትም። ሐሙስን ሙሉ አልነገርኳትም። አንድ ቀን ዝም ብል፣ አርብ ከሰዓት ሩሐማ እጇን አንሥታ ትምላለች። ፈነት መንገድ ታገኛለች። ቀትር ላይ ግን ኬኔት በነፍስ ግድያ ይከሰሳል። የአንዷን ልጅ ለማምጣት የአንዱን ልጅ መክፈል ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጠርቶ ምን እንደሚያሳይ ግን ተረቱ አይናገርም።

አርብ ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሯን አንኳኳሁ። ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳለች። ፀጉሯን ተሠርታለች።

«ጋሼ! ሊሸኙኝ መጡ እንዴ?» አለች። ፊቴን አይታ ግን ፈገግታዋ ወዲያው ጠፋ።

«ሩሐማ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ከመሬት ያነሣሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። «እላይ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ። የሚጠቅምሽን ጠበቃ ይነግርሻል፤ አሁን ምንም ባትናገሪ መብትሽ ነው። ጠበቃም መጠየቅ ትችያለሽ።»

ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ቀሚሱ እንዳይጨማደድ ተጠንቅቃ ተቀመጠች። ያ ጥንቃቄ እስካሁን ይታየኛል።

«መሬት ላይ ልተወው ጋሼ? እንዴት አድርጌ?» አለች።

«ልናገር» አለች ቀጥላ። «ለሦስት ቀን ታፍኜ ልሞት ነው። ፈነት ልጄ ናት። ዲቪ ስሞላ ፎርም የሚሞላልን ሰውዬ ‹ያላገባች፣ ልጅ የሌላት በይ፣ ይቀልልሻል› አለኝ። ዜሮ ብሎ ጻፈ። ደረሰኝ። ልጅ አለችኝ ብል ሁሉም ሊቀር ነው። ‹ሰው ፊት አክስቴ በይኝ፣ ለትንሽ ጊዜ ነው› ብያት መጣሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ስድስት ዓመት ሞላኝ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «በዚህ አገር የነገርኩት ለሚስተር ዳንከን ብቻ ነው። እሱም የጄኒን ነገረኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ‹ሜሪ ጻፈቻት፣ ባልየው ሰረዛት› ብሎ ተየበልኝ። ማክሰኞ ከሰዓት ወደ ሥራ ክፍሉ ገባሁ፤ ገጹን በምላጭ ሲቆርጥ አገኘሁት። እሁድ ልጁ ‹አጥፋው› ሲለው ሰምቻለሁ። እሺ ብሎት መሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«‹አንተም ልትሰርዛት ነው?› አልኩት። ጮህኩበት። አፉን ከፈተ። አንዲት ቃል ለማውጣት ደቂቃ ይፈጅበታል ጋሼ፤ ሥራዬ እኮ መጠበቅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልሰለች የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን አልጠበቅኩትም። መጽሐፉን ከነገጹ ነጠቅኩት። ሊይዘው ተንጠራራ፣ መጽሐፉ ከእጄ ወደቀ፣ ዊልቸሩም ተገለበጠ… ድምፁን አልረሳውም።»

«ትንፋሽ ነበረው?»

«ነበረው። አየኝ።» ዓይኗን ጨፈነች። «መጽሐፉን አነሣሁ። ለምን እሱን ቀድሜ እንዳነሣሁ አላውቅም። ከዚያ ስልኩን አነሣሁ። 911 ልደውል ነበር፣ ጌታ ምስክሬ ነው። ፖሊስ ይመጣል፣ ስሜ ይጻፋል፣ አርብ ይቀራል አልኩ። ፈነትን አሰብኩ። ጣቴ የክሎክ አውቱን ቁጥር መታ። ‹አመሰግናለሁ፣ ሰዓትዎ ተመዝግቧል› አለኝ ማሽኑ። ዘጋሁና ወጣሁ።»

አሊባይ ያልኩት ያንን ስልክ ነው። ሽማግሌው ለሁለት ሰዓት የተጎተተውም ወደዚያው ስልክ ነው።

«ገጹስ?»

ፍሪጁ አናት ላይ ተንጠራርታ መጽሐፍ ቅዱሷን አወረደች። ከመሃሉ ቢጫ ወረቀት አወጣች። አሥር ስሞች፣ ከሥራቸው በሴት እጅ የተጻፈ አንድ ስም፣ በላዩ የተሰመረ ወፍራም መስመር። «ጄኒ» ይነበባል።

«አድኛታለሁ» አለች። «ቢያንስ እሷን አድኛታለሁ።»

ልነግራት አልፈለግኩም። ግን ከኔ ባትሰማ ከዐቃቤ ሕጉ ልትሰማው ነው። ከፎልደሬ ውስጥ ፖስታውን አውጥቼ ጉልበቷ ላይ አደረግኩት።

«ይሄንን ዴስኩ ላይ አላየሽውም?»

አነበበችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ኢዲት… የሚጻጻፋት ሴት ናት።»

«የጄኒ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። ገጹን የቆረጠው ለሷ ሊልክላት ነው። ስሟ ወደ ሰዎቿ ይሂድ ብሎ። ሊልሽ የነበረው እሱን ነው።»

አልጮኸችም። ጮኻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ፖስታውን ከፍታ ወረቀቱን ልታስገባ ሞከረች፤ ልኩ ነው፣ ሽማግሌው ለክቶ ነው የገዛው። እጇን ያዝኩና ሁለቱንም ወሰድኩ። ኤግዚቢት ናቸው፤ ፕላስቲክ ውስጥ ገብተው ቁጥር ይሰጣቸዋል። ጉዳዩ ሲያልቅ ደግሞ ለሕጋዊ ወራሽ ይመለሳሉ፤ ለኬኔት።

ስልኳ አንዴ ጮኸና ተቋረጠ።

ተያየን። «አንዴ ብቻ» አለች። ሕጉ አይፈቅድም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የካርዱን ቁጥር ስትመታ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች።

«አክስቴ! አለቀ? አሜሪካዊ ሆንሽ?»

«ፈነት፣ ስሚኝ። እማዬ በይኝ።»

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ተማረችው፣ ጠየቀች፦ «አጠገብሽ ሰው የለም እንዴ?»

«አለ የኔ እናት። ሰው አለ። ይስማ፤ በይኝ።»

«…እማዬ።»

ውጪ በረዶ መጣል ጀምሯል፤ የዓመቱ የመጀመሪያው ነው። የመኪናዎቹን ጣራ ስቆጥር ቆየሁ። ካርዱ አንድ ደቂቃ ቀርቷችኋል ብሎ በእንግሊዝኛ አስጠነቀቀ፤ ሩሐማ ምንም አልነገረቻትም። «አያትሽን እሺ በያት፣ ትምህርትሽን አጥኚ» ብቻ ነው ያለቻት፣ እስኪዘጋ ድረስ።

ካቴና አላሰርኩባትም። ለላርሰን ደውዬ ነገርኳት። «ኦኬ» ብቻ አለች። ኬኔት ከቀትር በፊት ተለቀቀ። በሩ ላይ ከተቀመጠባት ሃያ ደቂቃ ግን ማንም ሊፈታው አይችልም።

እስር ቤቱ መቀበያ ጋ አንድ ወጣት ኦፊሰር ኮምፒውተሩ ላይ ፎርም ይሞላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አንድ ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። ሩሐማ በሰማያዊው ቀሚስ ቀጥ ብላ ቆማለች። ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ መድኃኒት የምትወስጂው አለ? በእንግሊዝኛ አንድ በአንድ መለሰች።

«ልጆች አሉሽ?» አላት ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

ወደ እኔ አላየችም።

«አንድ» አለች።

«ስም?»

ነገረችው። አልገባውም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ ቆጠረችለት። ጻፈና ስክሪኑን ወደሷ አዙሮ «ልክ ነው?» አላት። ጎንበስ ብላ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ልክ ነው» አለች።

ፈነት በአሜሪካ መንግሥት ወረቀት ላይ የተጻፈችው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ነው። እኔ ሥሩ ላይ ፈረምኩና ወጣሁ።